የላፕቶፕ ቁልፍ ያገናኘን ሁለት ሴቶች

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ልጄ ቤዛ ከስድስት ኪሎ ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት ነው። ላፕቶፕ ማሠራት ምኑ ይወራል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ዛሬም ላፕቶፑን ባሠራሁበት ሕንፃ በር ሳልፍ ቆም ብዬ ሳላይ አላልፍም።

ቤዛ አንድ ልጄ ናት። ከአባቷ ጋር የተለያየነው ገና ሕፃን ሳለች ነው። እሱ ሌላ አግብቶ ገርጂ ገባ፤ እኔ እዚሁ አራዳ ከልጄ ጋር ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ጋ ትሄዳለች። ስትመለስ ወሬዋ ሁሉ ስለ እንጀራ እናቷ ስለ ራሔል ነው። ራሔል ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ራሔል እንዲህ ብላ አሳቀችኝ። ክፉ ብትሆንባት ሄጄ እጣላላት ነበር። ጥሩ ስትሆን ግን ምን ይባላል? እሰማትና ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ቤዛ ፎቶዋን ልታሳየኝ ስልኳን ስታወጣ፣ መነጽሬ የለም እላታለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት፣ የመጨረሻውን እርማት እየጻፈች ሳለ የላፕቶፗ የ«ኤ» ቁልፍ ተነቅላ ጣቷ ላይ ቀረች። መልሳ ብትጫናት ትቀመጥና ወዲያው ትነሳለች። ያለዚያች ፊደል አማርኛ አይጻፍም መሰለኝ፣ ልጄ ልታለቅስ ደረሰች።

«ቆይ ለራሔል ልደውል» አለች።

«እኔ የለሁም እንዴ? አምጪው፣ አሠራልሻለሁ!» አልኳት። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ፒያሳ ሁልጊዜ የምታሠራበትን ሱቅ ነገረችኝና አማካሪዋ ቀጥሯት ስለነበር ወደ ስድስት ኪሎ ሄደች። እኔም ላፕቶፑን አቅፌ፣ ቁልፏን በሶፍት ጠቅልዬ ወረድኩ። ሱቁ ፒያሳ ሲፈርስ ከተረፉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው።

ጠጋኙ ጎልማሳ ሰው ነው። ቁልፏን በወረንጦ አንስቶ ገለባበጣት።

«እናቴ፣ እሷስ ደህና ናት። ከሥሯ ያለችው መያዣ ናት የተሰበረችው። ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ላይ ካልተነቀለች አትገኝም። በማስቲሽ ልለጥፋት እችላለሁ፤ ግን ያኔ አትጽፍልዎትም።»

ለጓደኞቹ ደወለ። ማንም ጋ የለም። ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ላፕቶፑ መሠራት አለመሠራቱ አልነበረም ያስጨነቀኝ። «አልቻልኩም፣ ለራሔል ደውዪ» ብዬ ለቤዛ መንገሩ ነበር።

ይህን ሳሰላስል አንዲት ሴት ላፕቶፕ ይዛ እየተጣደፈች ገባች።

«እባክህ የ‹ኤ›ን ቁልፍ ከነመያዣዋ ንቀልልኝ» አለችው።

«ደህና ከሚሠራው ላይ? አንቺስ በምን ልትጽፊ ነው?»

«እኔ እንደምንም እሆናለሁ። ልጄ ነገ ጽሑፍ ታቀርባለች፤ የሷ ተሰብሮባታል ብላ አሁን ደወለችልኝ። አባቷ ለሁለታችን አንድ ዓይነት ነው የገዛልን።»

«የሚገጠምበትስ የታለ?»

«እናቷ ልታሠራው ይዛው ወጥታለች፤ ሁልጊዜ እዚህ ስለምናሠራ ነው የመጣሁት። ቆይ ለቤዛ ደውዬ ልጠይቃት።»

ክው አልኩ። ከእግር እስከ ራሷ አየኋት። እንከን ፈለግሁባት፤ ጫማዋን ሳይቀር አየሁት። ደስ የሚል ፊት ያላት፣ ወዛም ሴት ናት። «ልጄ» ያለችበት አፏ ደግሞ ምንም አልከበደውም። ላፕቶፑን አቅፌ ውልቅ ልል ብድግ አልኩ። የቤዛ ፊት ድቅን አለብኝ። ሄጄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«የሚገጠምበት ይኸውልህ» አልኩት ለሰውዬው። እሷን ማየት አልቻልኩም።

አፏን በእጇ ስትይዝ በጎን አየኋት። «እትዬ፣ የቤዛ እናት ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጄ ያልኩት እንዲያው አፌ ለምዶት ነው።»

ጠጋኙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና አቀርቅሮ ሥራውን ቀጠለ። ከሷ ላፕቶፕ ነቅሎ እኔ ባመጣሁት ላይ ገጠማት። ስጫናት ቀጥ ብላ ሠራች። የራሔል ላፕቶፕ ደግሞ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ሆኖ አጠገቡ ተቀምጧል።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ለቤዛ እኔ መምጣቴን አይንገሯት። እርስዎ አሠሩላት፣ በቃ።»

ይሄ ደግሞ ይባስ አቃጠለኝ። ደግነቷ እንኳ አስቀናኝ።

ቤዛ ማታ ቁልፏን ስትሞክር ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ!» ዝም ብዬ ያን እቅፍ ባጣጥመው ማን ያውቅብኝ ነበር?

«ራሔል ናት። ከራሷ ላይ አስነቅላ ሰጠችሽ» አልኳት።

«ተገናኛችሁ?» ብላ ቀና አለችና አየችኝ። ከዚያ እንደገና አቀፈችኝ፣ ከመጀመሪያው ጠበቅ አድርጋ። ለኔ ይሁን ለራሔል ግን አላወቅኩም።

በማግስቱ ጽሑፏን አሳምራ አቀረበች። ከራሔል ጋር አሁን አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ቤዛ ሥራ ከያዘች ወዲህ አንዳንዴ ከፍቷት ትገባለች። መጀመሪያ የምጠይቃት ለማን እንደነገረች ነው። ለራሔል ካለችኝ አንጀቴ ያራል። ለማንም ካለችኝ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።