የናቡከደነፆር ጥፍር

አባቴ እዚህ በስደት አገር፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ፓርኪንግ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ሲመጡ ብድግ ያላለ ሰው ቀኑን ሙሉ ስድባቸውን ሲጠጣ ይውላል። እሳቸው በሌሉበት ሠራተኞቹ ናቡከደነፆር ይሏቸው ነበር፤ ሕዝቡን ሁሉ ለወርቅ ምስል ባሰገደው በባቢሎን ንጉሥ ስም። እኔንም አገር ቤት ሳለን ከስድስተኛ ክፍል ያስወጡኝ እሳቸው ናቸው። “ስምሽን ከጻፍሽ ይበቃሻል” ብለው።

ኋላ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ሥራ ካቆሙ በኋላም እግራቸው ወደ ፓርኪንጉ ይወስዳቸዋል። አንድ ቀን ሳህን ከማጥብበት ምግብ ቤት ሰው ጠርቶኝ ስወጣ፣ አባቴ መንገድ ዳር ካለችው ሣር ላይ ተቀምጠው እየነጩ ይበላሉ። አንዱ ሠራተኛ በስልኩ ይቀርፃል።

“ጋሼ፣ ጨው ላምጣልዎት?” አለ ሌላው። ሳቁ።

የንጉሡን መጨረሻ የማያውቅ አልነበረም። ኮራ፤ ከሰው ተለየ፤ ሰባት ዓመት እንደ በሬ ሣር በላ፤ ጥፍሩ እንደ ወፍ ጥፍር አደገ።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ብቻቸውን መዋል የለባቸውም አለኝ። ጠባቂ ካልተገኘ ፓሳዴና ከተማ ያለ የአረጋውያን ማቆያ ይገባሉ። እዚያ አማርኛ የሚሰማ የለም። አባቴ ደግሞ መጀመሪያ የረሱት እንግሊዝኛቸውን ነው።

ሰው ለመለመን አፌ አይፈታም። ቢሆንም እሳቸውን ወደተካው አለቃ ሄድኩ። አባቴ አንድ ጊዜ በደንበኛ ፊት በጥፊ መትተውት ያውቃሉ።

“ከሥራ እስክወጣ አባቴ የፓርኪንግ ትኬት የምትቆርጡባት ቤት ውስጥ ቢቀመጡልኝ?”

“ሶ፣ እኔ የአባትሽ ሞግዚት ልሁን?” አለ። “ናቡከደነፆርን ማን ጠበቀው? ሜዳ አይደል ያደረው?”

“ሲመለስ ግን ዙፋኑን አገኘው” አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። “የጠበቀለት ሰው ነበረ ማለት ነው።”

ወደ ትኬት ቤቷ ዞር ብሎ አየ። “ዝምተኛ ትመስያለሽ እንጂ ትናደፊያለሽ። ኦኬ፣ ነገ አምጫቸው።”

ወንበር ሰጣቸው። በጋውን እዚያ ዋሉ፤ ለሚገባው መኪና ሁሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። አንድ ከሰዓት ግን አለቃው መኪና ፓርክ ሊያደርግ ዞር ሲል፣ ወጥተው ጎዳናው መሀል ቆሙ። አንድ መኪና ጉልበታቸው ሥር ደርሶ ነው የቆመው። አለቃው እጃቸውን ይዞ እኔ እስከምሠራበት ምግብ ቤት አመጣቸው።

“እህቴ፣ ከዚህ በላይ አልችልም” አለኝ። አልተቀየምኩትም።

አሁን ፓሳዴና ናቸው። ሌላ ሰው ሲነካቸው ስለሚጮኹ፣ እሑድ እሑድ ጥፍራቸውን የምቆርጠው እኔ ነኝ። “ማን ነሽ?” ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ።

ንጉሡ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያነሳ ልቡናው ተመለሰለት ይባላል። አባቴ የሚያዩት የጥፍር መቁረጫዋን ብቻ ነው። አንዱን እጅ ስጨርስ “ሌላኛውን” እላቸዋለሁ።

ይታዘዙኛል።