የተጠገነው መሻገሪያ

ወሩ ሃያ አምስት ሲሆን ዛሬም ሪፖርት እሰበስባለሁ። ከሐይቅ አስፋልቱን ይዘው ወደ አምባሰል ሲጓዙ መንገድ ላይ ከሚያገኟቸው ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ የዕቅድና ሪፖርት ሠራተኛ ነኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ናት። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። መንገድ አልጠርግም፣ መሬት አልለካም፣ ቄራ ገብቼ ሥጋ አልመረምርም። ሌሎቹ ሠራን ያሉትን ወር በወር እሰበስብና ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ በሚል ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ ለበላይ አካል እልካለሁ። የበላይ አካል የሚባለውን አይቼው አላውቅም።

ጽዳትና ውበት ሪፖርቱን በብጣሽ ወረቀት ይልካል። የመሬት ክፍሉ ሦስቴ ካልተለመነ አይሰጥም። የመንገድ መብራት ሠራተኛው በስልክ ይነግረኛል፣ እሱም ምሰሶ ላይ ሆኖ ነው። የመንገድና ግንባታ ኃላፊው ደግሞ ከነጭራሹ አይጽፍም፤ በኮሪደሩ ሲያልፍ አንገቱን በቢሮዬ በር አስገብቶ "እንደ ዕቅዱ አድርጊው" ይለኛል፤ አለቀ።

የአሠራራችንን ነገር ሳልደብቅ ልናገር። አዲስ ሪፖርት የሚባል ነገር የለም። ያለፈውን ወር ፋይል እከፍታለሁ፣ የወሩን ስም እቀይራለሁ፣ ቁጥሮቹን ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ ዕቅዱ ላይ "ይሠራል" የሚለውን ሪፖርቱ ላይ "ተሠርቷል" አደርገዋለሁ። አንድ ጊዜ በጥር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወር፣ "የክረምቱ ጎርፍ ያመጣውን ደለል የማንሳት ሥራ ቀጥሏል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳላየው ሄደ። ጭንቅ ሆኖብኝ ሰነበትኩ። ግብረ መልሱ ሲመጣ "ተጠናክሮ ይቀጥል" ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልጨነቅም ነበር።

እስከዚያ ግንቦት ድረስ ማለቴ ነው።

ከተማችንን አንድ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከአምባሰል ተራራ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በእሱ ነው የሚያልፈው። ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ወዲህ ናቸው። ማዶ ያለው ሰፈር ደግሞ እኔ ያደግኩበት ነው። የሚያገናኛቸው ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንዶች፣ በላያቸው የተረበረበ ጣውላ፣ በአንድ ጎን ለእጅ መያዣ የተወጠረ ሽቦ ነው። ያን ጊዜ ከጣውላዎቹ የሚበዙት በስብሰው ነበር። እኔ የትኛው እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚከዳ በእግሬ አውቃለሁ፤ ሳላይ እሻገራለሁ። ሌላው መንገድ ዳገቱን ዞሮ አስፋልት መውጣት ነው፤ ጉልበት ላለው ሰው እንኳ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ባጃጅም አይገባበትም።

የግንቦት ዕቅዳችን ላይ "የእግረኛ መሻገሪያው ክረምት ሳይገባ ይጠገናል" ተብሎ ነበር። ሃያ አምስት ሲሆን ኃላፊው አንገቱን በቢሮዬ በር አስገባ።

"መሻገሪያውስ?" አልኩት።

"እንጨቱ ነገ ይጫናል። ተጠግኗል በይው፤ ሪፖርቱ እስኪደርሳቸው ይጠገናል።"

ዋሽቶ አልነበረም። እንጨቱ በእርግጥ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ነበር። እኔም "ይጠገናል" የሚለውን "ተጠግኗል" አደረግኩት። ፎቶ ስለሚያስፈልግ ከሩቅ ያነሳሁትን አንድ ፎቶ አያያዝኩ። ከሩቅ ሲያዩት መሻገሪያው ደህና ነው። በማግስቱ መኪናው ለሌላ ሥራ ተፈለገ፤ በሳምንቱ እንጨቱ ለአንድ ስብሰባ ዳስ መትከያ ሆነ፤ ከዳሱ በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ እማማ ቢሮ መጡ። እማማ የምላቸው የሥጋ እናቴን አይደለም። ማዶ ሰፈር የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ገበያ ስትውል እሳቸው ቤት ነበር የምውለው፤ እሷ የሁዳዴን ጾም ስትጾም ለእኔ ወተት የሚያጠጡኝ እሳቸው ነበሩ፣ እሳቸው ረመዳን ሲይዙ ደግሞ ማፍጠሪያቸውን እኔ አደርስ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው። የደም ግፊት አለባቸው። በየወሩ ጤና ጣቢያ ቀርበው ተለክተው የአንድ ወር ክኒን ይቀበላሉ።

ሲገቡ ቀሚሳቸው ከኋላ በጭቃ ተለውሷል።

"ወድቀው ነው እማማ?"

"አብሽሪ፣ አልወደቅኩም። ተቀምጬ ተንፏቅቄ ነው የተሻገርኩት።" መሬት መሬት አዩ። "ሰው አየኝ ወላሂ። በዚህ ዕድሜ እንደ ሕፃን ስንፏቀቅ። ማመልከቻ ጻፊልኝ የኔ ዓለም፤ አንቺ እዚህ እያለሽልኝ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ይልቅ ጥሩ ሐሳብ የመጣልኝ መሰለኝ፤ ሕዝብ በጽሑፍ ሲጠይቅ ማዘጋጃ ቤቱ ስህተቱን ለማረም ምክንያት ያገኛል አልኩ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። "ጉዳዩ፡ የመሻገሪያ ጥገና እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ።" አቅመ ደካማ መሆናቸውን፣ በየወሩ መድኃኒት እንደሚወስዱ ጻፍኩ። አነበብኩላቸው።

"ተንፏቅቄ ነው የምሻገረው የሚለውስ?"

"እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር በማመልከቻ አይጻፍም።"

"ጻፊው። ያፈርኩት እኔ፣ የሚጻፈው አይጻፍም?"

ጻፍኩት። አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቼ አስፈረምኳቸው። ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልጻፍኩም።

በሦስተኛው ቀን ማመልከቻው ከማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ተመርቶ ተመለሰ። የተቀመጠውም እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥግ ላይ በቀይ እንዲህ ተጽፎበታል፤ "ለዕቅድና ሪፖርት፤ በመረጃ ተደግፎ መልስ ይሰጣቸው።"

ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ እንጨቱን፣ ዳሱን፣ ፎቶውን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"እስኪ አስቢው" አለኝ። "ተጠገነ ብለን ተመስግነንበታል። አሁን መልሰን ለጥገና ስንጠይቅ የመጀመሪያው የት ገባ አይሉም? እኔም አንቺም የመንገድ ኃላፊውም እንጠየቃለን። መሻገሪያው ግን እዚያው ይቀራል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

መስኮቱን ዞር ብሎ አየ። ደመናው ተራራው ላይ ተኝቷል። "ጎርፍ ከወሰደው ሌላ ነገር ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ጎርፍ ከወሰደው አስቸኳይ ይሆናል፤ አዲስ ጉዳይ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ሁሉ ጎርፍ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔም ሳልቀር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጠዋት ወንዙ ዳር ወርጄ አያለሁ። ያ የበሰበሰ እንጨት ቆሟል። እልህ ይይዘኛል። ሰው የሚሻገርበትን ነገር ውሃ እንዲወስደው የምመኝ ሰው መሆኔን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ፤ በማግስቱ ግን ደግሜ እወርዳለሁ።

መልሱን ጻፍኩ። ምን ላድርግ? "በማመልከቻዎ የጠቀሱት መሻገሪያ በግንቦት ወር በተያዘው ዕቅድ መሠረት ጥገናው ተከናውኖ ለአገልግሎት ክፍት መደረጉን እየገለጽን፣ ስለሚያደርጉልን ትብብር እናመሰግናለን።" ማኅተም ተመታበት። የሰኔ ሪፖርት ላይ "ከኅብረተሰቡ የቀረበ ቅሬታ" በሚለው ረድፍ አንድ፣ "ምላሽ ያገኘ" በሚለው አንድ፣ በመቶኛው መቶ ብዬ ሞላሁ።

ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው አልፈለግኩም። ወስጄ ራሴ አነበብኩላቸው፤ ደጃፋቸው ላይ፣ ቁልቁል ወንዙ እየተሰማ። እንዲቆጡ ነበር የፈለግኩት። ቢሮው ድረስ መጥተው እንዲጮኹ፣ እኔንም እንዲያዋርዱኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ተሠርቷል ነው የሚለው?"

"እንዲህ ነው የሚለው።"

"ማኅተምም አለው?"

"አለው።"

"እንግዲህ ዓይኔ ነዋ!" አሉ። "ዓይኔማ ከከዳኝ ቆይቷል። አልሐምዱሊላህ። አንቺ ጻፍሽልኝ፣ እነሱም ሠሩልኝ።" ወረቀቱን ተቀብለው በፌስታል ጠቅልለው ከክኒናቸው ጋር አስቀመጡት።

ሐቁን አልነገርኳቸውም። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው ስለማላውቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ቢያንስ እንዳይሻገሩ አደርጋለሁ ብዬ አሰብኩ። "በዝናብ ምን አንከራተተዎት፣ እኔ አመጣልዎታለሁ" አልኳቸው። የሐምሌን ክኒን እኔ ተቀብዬ አደረስኩ። የነሐሴን ልቀበል ስሄድ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የእማማን ካርድ አገላበጠችና ራሷን ነቀነቀች።

"ሳይለኩ ሁለተኛ ወር አልሰጥም። መጠኑ መቀየር ይኖርበት ይሆናል፤ በጭፍን ሰጥቼ አንድ ነገር ቢሆኑስ? ይዘሻቸው ነይ።"

ለመንኳት። መሻገሪያው አይሆንም አልኳት።

"ተጠግኗል ተብሎ በስብሰባ ሰምተን የለ እንዴ?" አለችኝ። ካርዱን ተቀብያት ወጣሁ።

ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡ ያባራበትን ጠዋት ጠብቄ ሄድኩ። እማማ ለባብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ደብዳቤውን በፌስታሉ እንዳለ ደረታቸው ውስጥ ከትተው ጠበቁኝ። "የሚከለክል ካለ አሳየዋለሁ" አሉ እየሳቁ።

ወንዙ ቡኒ ሆኖ ሞልቷል። ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ሰው እንዲያግዘኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁሉም እርሻ ላይ ነው። እማማን የመሻገሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ ወደ ኋላዬ እየተንፏቀቅኩ፣ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። አንድ ክንድ እንቀሳቀስና እናርፋለን። እሳቸው "ቢስሚላህ" ይላሉ፤ እኔ በልቤ እመቤቴን እለምናለሁ። ስንት ጠዋት ይህ እንጨት እንዲወሰድ የተመኘሁት እኔ፣ አሁን አንዲት ሰዓት ብቻ እንዲቆም እለምን ነበር።

መሐል ስንደርስ እማማ አንድ እጃቸውን ከእጄ አስለቀቁና ጣውላውን መደባበስ ጀመሩ። ወደ ግራ ዳሰሱ፣ ወደ ቀኝ ዳሰሱ።

"እማማ፣ እጄን አይልቀቁ!"

"አዲሱ እንጨት የቱ ነው?" አሉኝ። "በዓይኔ አልለይ አልኩ። አዲሱን አሳዪኝ፣ እሱ ላይ ልደገፍ።"

እጃቸው ያረፈበት ጣውላ እኔ የማውቀው ነው። ከዳተኛ ነው።

"አዲስ የለም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ውሃው ይጮሃል። ደግሜ ጮህኩ። "አዲስ እንጨት የለም እማማ! አልተሠራም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማመልከቻውንም መልሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

እጃቸው ጣውላው ላይ እንዳለ ቆመ። ፊታቸውን ወደ እኔ አቀኑ። የሚያዩኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከሥራችን ውሃው ያልፋል። የቱንም ያህል ቢሰድቡኝ እዚያ ቦታ ላይ ጆሮዬን እንኳ መያዝ አልችልም ነበር።

"በይ እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸውን መልሰው እየሰጡኝ፤ "የምታውቂውን አሮጌ አስይዢኝ።"

አስያዝኳቸው። ተሻገርን። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነርሷ ደንግጠው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። "ዳገቱ ነው ልጄ" አሏት እንጂ ስለ መሻገሪያው አልተነፈሱም። ደብዳቤውንም ከደረታቸው አላወጡም። መጠኑ ተጨምሮ ክኒናቸውን ተቀበሉ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ትንሽ አረፍን። ሰማዩ ተራራው በኩል እንደገና እየጠቆረ ነበር። እማማ የክኒኑን ከረጢት ነቀነቅ አድርገው አዳመጡት።

"የስንት ቀን ነው የሰጠችኝ?"

"የአንድ ወር ነው እማማ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ ሌላ እጃቸውን ለእኔ ዘረጉ። መመለሻችን በዚያው መሻገሪያ ነበር።