በዶዘሩ ፊት የቆመው ተሸካሚ

ቶላ በእህል በረንዳ ጤፍ ተሸክሞ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። በሱቄ ፊት ለፊት ባለው ዳገት ላይ የድሮ ምሽግ ነበር፤ አሁን መናፈሻ እየተሠራበት ነው። ከምሽጉ የቀረች ወገብ የምትደርስ የግንብ ቁራጭ ለተሸካሚዎች ማረፊያቸው ናት። ጆንያውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ እሷ ላይ አስደግፈው ይተነፍሳሉ። ኩንታል መሬት ያወረደ ሰው ብቻውን መልሶ አያነሳውማ።

ባለፈው ማክሰኞ ቶላ እንደዚያ አርፎ ሳለ ዶዘር ግንቡን ሊያፈርስ መጣ።

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉ!» አለ ፎርማኑ።

«ትንሽ ልተንፍስ፣ ልጄ።»

«ሥራ ሊያስቆሙ ነው እንዴ? ግፋው!» አለ ወደ ሾፌሩ ዞሮ።

ዶዘሩ ተጠጋ። ቶላ ገና አላረፈም፤ አሁን ቢነሳ ከነሸክሙ ይወድቃል። እኔ ቅዱስ ራጉኤልን በልቤ ተማጸንኩ። ጎረቤቴ ሀምዲያ ግን ከሱቋ ወጥታ ፎርማኑ ላይ ጮኸችበት።

«አንተ! የተሸከመውን አታይም? ቸኩለህ ከሆነ ና ተቀበለው!»

የቀን ሠራተኞቹ ሳቁ። ፎርማኑ ተናዶ ወደ ቶላ ሄደና አንድ እጁን ከጆንያው ሥር አስገባ። ክብደቱ ሲያርፍበት ፊቱ ተለወጠ፤ በሌላ እጁ ዶዘሩን አስቆመ።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታርፉት?»

«ሌላ የት አለ?»

ፎርማኑ ዳገቱን ሽቅብ አየና ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«ፕላኑ ላይ እዚህ ጋ መቀመጫ አለ አይደል? በቃ፣ መቀመጫው ይሄው ነው። ተወው።»

«እኔ እንኳ አልቀመጥበትም፤ የሚቀመጥበት ጆንያው ነው» አለ ቶላ፤ ወገቡን አቅንቶ ዳገቱን ተያያዘው። ተመስገን አልኩ።