ክብሪቱ የተቀመጠበት ኮረብታ

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በወታደር ዓይን ነበር፤ በሩ በየት፣ መስኮቱ በየት፣ ውሃው በየት። መስኮት አልነበረውም። ግድግዳው ያልባል፤ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በካልሲዬ አልፎ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል።

የታሰርኩት መኮንንነቴን ትቼ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ከሆንኩ በኋላ ነው። ጥፋቴ አንድ ኮረብታ ነበር። እዚያ የተዋጋው ጦራችን ያፈገፈገው በሬዲዮ ታዝዞ ነው ብዬ ጻፍኩ። አለቆቹ ግን ትእዛዙን ክደው የሞቱትን ልጆች “ፈርጣጮች” ብለዋቸዋል። መርማሪው ይህችን ቃል ከእኔም አፍ ፈለጋት። ካልኳት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ሲያስጠራኝ ጓደኛዬ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮረብታው ላይ በተዋጋንበት ዕለት ሬዲዮውን ይዞ አጠገቤ የነበረው፣ “ውረዱ ተብለናል” ብሎ የነገረኝ እሱ ነው።

“እስቲ ንገረው” አለ መርማሪው።

“ትእዛዝ አልነበረም” አለ ጓደኛዬ፣ ጫማውን እያየ። “ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሮጡት።”

ከቀመስኩት ዱላ ሁሉ ይሄ አመመኝ።

ምስክር ስጠይቅ አንድ ልማድ አለኝ፤ ምን አየህ ከማለቴ በፊት የት ቆመህ ነበር እላለሁ። ጣቴን መርማሪው ፊት ከነበረው ሻይ ውስጥ ነክሬ ጠረጴዛው ላይ ኮረብታውን ሣልኩ። የመርማሪውን ክብሪት ወደ ጓደኛዬ ገፋ አደረግኩት።

“አንተ የት ነበርክ? አስቀምጥልኝ።”

አንስቶ አናቱ ላይ፣ ሬዲዮው በነበረበት፣ ልክ በቦታው አስቀመጠው። ሌላ ቦታ ቢያደርገው ከእኔ በቀር ማን ያውቅበት ነበር?

መርማሪው ክብሪቱን አንስቶ ሲጋራውን ለኮሰ። “በል፣ ሰማህ አይደል? አንተም ቃሏን በላት።”

“ልጆቹ አልሸሹም” አልኩ።

ጓደኛዬ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔን ወደ ክፍሌ መለሱኝ፤ ስንት ክረምት እዚያው አለፈብኝ።

ስፈታ ተሰደድኩ፤ አሁን ስዊድን፣ ሃሉንዳ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ለመጽሐፌ ካርታውን በኮምፒውተር የምትሠራልኝ ልጄ ናት፤ እሁድ እሁድ ከሶለንቱና በባቡር ትመጣለች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ ግን በስዊድንኛ ነው። ባለፈው ኮረብታው አናት ላይ ያለችውን ነጥብ አሳየችኝ።

“ይሄ የካደህ ሰውዬ አይደለም? ላጥፋው?” አለችኝ በስዊድንኛዋ።

አልዋሽም፣ ማጥፋቱ አሰኘኝ። ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ግን የሻዩ ኮረብታ ላይ ክብሪቱን ልክ በቦታው ሲያስቀምጥ ያ እጁ ታየኝ።

“ተዪው” አልኳት። “የቆመው እዚያ ነው። ሬዲዮውንም አጠገቡ አድርጊለት።”