ማሬ የወቀረችው የበረዶ አገር ድንጋይ

ከመተማ ድንበር ማዶ ባለችው ቁረይሻ ውስጥ ወፍጮዋ ለስልሶ አልፈጭ ያላት ሴት የምታስጠራው ማሬን ነው። የካርቱሙ ጦርነት ናፍጣውን ካስወደደው ወዲህ የሞተር ወፍጮው ቆሞ፣ ተረስቶ የነበረው የድንጋይ ወፍጮ ከየጓሮው ተነሥቷል። ማሬ ከመተማ ለአረም ሥራ መጥታ በዚያው የቀረች ሴት ናት፤ ከእናቷ በወረሰችው መውቀሪያ ቤት ለቤት እየዞረች የለሰለሰውን ወፍጮና በእጅ የሚያዘውን መጅ እየወቀረች ታሻክራለች። አፏም አያርፍም። «የእናቴ መጅ ከቅድመ አያቷ የመጣ ነው! ከዚያ የቆየ ድንጋይ ካለ አሳዩኝ» ትላለች። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።

አንድ ቀን ባለሱቋ ዘኪያ «መጁ በረንዳው ላይ ነው» ብላት ወደ ደንበኞቿ ተመለሰች። በረንዳው ላይ ለእጅ የሚመች ሞላላ ድንጋይ ነበር። ማሬ ንጹሕ ሻሽ አንጥፋ ትወቅረው ጀመር። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው! መውቀሪያውን እያነጠረ ይመልሳል። እልኋ መጣና አንድ ጎኑን ወቅራ ጨረሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ ብናኙን እፍ ልትል ጉንጯን ነፋች።

«እትየ ማሬ፣ እፍ እንዳትይ!»

የጮኸው ሙሐመድኑር ነበር፤ ከካርቱም ተፈናቅሎ ዘኪያ ቤት የተከራየ የድንጋይ ተመራማሪ። አማርኛውን የለመደው ገላባት ሲያድግ ነው። ሮጦ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ድንጋዩን ያመጣው ከምድር ደቡብ ጫፍ፣ በረዶ ከዋጣቸው ተራሮች ነው። የሰበሰበው ሌላው ድንጋይ ሁሉ ካርቱም ቀርቷል።

«እኔ አፈር ልብላ! መጅ መስሎኝ ነው ኡስታዝ» አለች። «አበላሸሁብዎ?»

ብናኙን ትክ ብሎ አየው። በውስጡ ከጤፍ እጅግ ያነሱ ጠጠሮች እንዳሉ ነገራት። በእነሱ ውስጥ ዩራኒየም የሚባል ነገር ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ማዕድን ይለወጣል፤ የተለወጠው ሲለካ የድንጋዩ ዕድሜ ይታወቃል።

«ግን ድንጋዩ ካልደቀቀ አይገኙም። ያለኝ እሱ ብቻ ነውና መስበር አቃተኝ፤ ዕድሜውን ሳልጠይቀው ይዤው ዞርኩ። ብናኙ ካልጠፋ አላበላሸሽም፣ ጠየቅሽልኝ እንጂ።»

«የዚያ ተራራ ሌሎቹ ድንጋዮችስ ስንት ዓመት ሆናቸው?»

«ሦስት ሺህ ሚሊዮን። ሣር ሳይበቅል፣ ወፍ ሳይበርር።»

ማሬ እንዲህ ፈርታም ተደስታም አታውቅም። ከጣቶቿ፣ ከቅንድቧ ሳይቀር ብናኙን ሻሹ ላይ አራግፋ፣ ቋጥራ በሁለት እጇ ሰጠችው።

ከዚያ የዘኪያን መጅ ከበረንዳው በር ኋላ አግኝታ ወቀረች። ስትጨርስ እፍ ልትል ጉንጯን ነፋች፤ ትንፋሿን ግን ያዘችው።

«ኡስታዝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄንንስ ዕድሜውን ማን ጠይቆት ያውቃል?»