የአባቴ እግርና የፒክአፓችን ዘንግ

ፒክአፓችን ከቆመችበት ስትነሳ ከሆዷ ስር “ቋ!” ትልና የተሳፈረውን ሁሉ ታንገጫግጨዋለች። ፍጥነት ስትይዝ ደግሞ ወለሏ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ የአባቴ እግር ነው አለ። አርጅተዋል፣ በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን ቀስ አድርገው መልቀቅ አቅቷቸዋል አለ። በደብረ ታቦርና በአንበሳሜ መካከል እህል ሲያመላልሱ ፀጉራቸው የሸበተውን ሰውዬ! ደሜ ፈላ። ይብስ ያናደደኝ ግን አባቴ አለመከራከራቸው ነው። አንድ ጠዋት ቁልፉን ለወንድሜ ሰጡትና እሳቸው በጎን ወንበር ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ጨዋታቸው ቀረ። ሰው ሲጠይቃቸው አሁንማ የሚነዳው ልጄ ነው ይላሉ፤ ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ፣ አልሆን ይላቸዋል።

ታዲያ ወንድሜ ሲነዳ ድምፁ ጠፋ? የት አባቱ! ያው ቋ፣ ያው መንቀጥቀጥ። እሱ ግን አባባ ፍሪሲዮኑን ስላበላሹት ነው ይላል። ያንተስ እግር ስለው፣ አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ ብሎ ይቆጣል። እኔ እኮ ያደግሁት ከዚያች መኪና ጎን ተንበርክኬ ለአባቴ መፍቻ እያቀበልሁ ነው። እሱ ያኔ ጡት አልጣለም።

በመጨረሻ ነዝንዤ ጋራዥ አስወሰድኋት። ጋራዡ እንደ ከተማችን አብዛኛው ሰፈር ዳገት ላይ ነው። እኛ ደግሞ መኪና ስናቆም ማርሽ አስገብተን፣ ከጎማው ስር ድንጋይ ካልወተፍን እንቅልፍ አይወስደንም። መካኒኩም የገባውን ማርሽ ሳያወጣ ስሯ ገባ። ለኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ በሁለት እጁ ጨብጦ ወዘወዘው። ንቅንቅ አላለም። ዘንጉ ጤነኛ ነው፣ አባታችሁ ይረፉ ብሎ ልብሱን እያራገፈ ወጣ። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ሰሙት።

አዝመራው ተወቅቶ ሲያበቃ የአጎቴን ስንዴ ልንጭን ጋፋት ሄድን። ወንድሜ መኪናዋን አውድማው ዳር አቆማት። ቦታው ድልዳል ስለሆነ ድንጋይም ማርሽም አላስፈለገውም፤ የእጅ ፍሬን ስቦ ወረደ። ስንዴው ሲሰፈር እኔ ነጠላዬን አስቀምጬ መኪናዋ ስር ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ብትጠይቁኝ እልህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘንጉን ጨብጬ ጠመዘዝሁት።

ቋ አለ።

ደግሜ ጠመዘዝሁት። ዘንጉ ይላወሳል፣ ከኋላ የታሰረበት ብረት ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን የምታገናኘው፣ መካኒኮች ክሮቼራ የሚሏት የመስቀል ቅርጽ ያላት ብረት ተበልታ ቤቷ ውስጥ ትንገዋለላለች። ዙሪያዋን እንደ በርበሬ የቀላ የዝገት ዱቄት ይዟታል። ያን ጊዜ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ዳገት ላይ ማርሽ አስገብተን ስናቆማት ክብደቷ ዘንጉን ወጥሮ ይይዘዋል፤ የላላው ሁሉ ጠብቆ ይታያል። እኛ ደግሞ የዳገት ሰዎች ነን፣ መኪና ከማርሽ አውጥቶ መመርመር ለማናችን ይታሰባል?

ወንድሜን ጎትቼ ስሯ አስገባሁትና ጣቱን ክሮቼራዋ ላይ አስደርጌ ዘንጉን ጠመዘዝሁለት። ጣቱን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። ወዲያው መካኒኩን መውቀስ ጀመረ። ለእኔ አትንገረኝ፣ ሂድና ለእሳቸው ንገር አልሁት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ አልፈለግሁምም።

አባቴ ገለባው ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንድሜ ፊታቸው ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣ “አባባ፣ ያንቱ እግር አይደለም፤ መኪናዋ ናት” አላቸው።

አባቴ ግራ እግራቸውን ዘርግተው ያልታወቀ ዕቃ ይመስል አዩት። “እኔም እግሬ ነው ብዬ አምኜ ነበር እኮ” አሉ። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነቃ የአልጋውን እግርጌ በእግራቸው እየገፉ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ይለማመዱ እንደነበር ነገሩን። እንባዬ መጣ። ወንድሜ ጆንያ የሚያነሳ መስሎ ዞር አለ።

ስንዴውን እንደጫንን በቀጥታ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ክሮቼራዋን ሲቀይር አሮጌዋን መዳፉ ላይ እያገላበጠ ራሱን ነቀነቀ፤ አባቴንም ይቅርታ ጠየቃቸው። አባቴ መሪው ጋ ገቡ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ወንድሜ ማንም ሳያዘው ከኋላ ከጭነቱ ጋር ወጣ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ሆን ብለው አቆሙ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቁት፤ መኪናዋ ቅቤ እንደተቀባች ሙልጭ ብላ ተነሳች። ጥቂት ሄደው እንደገና አቆሙ፣ እንደገና ተነሱ። ከኋላችን ባጃጁም አይሱዙም ተሰልፎ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ሦስተኛ ሲያቆሙ እኔው አፈርሁና፣ አባባ፣ ሰው እኮ እየጠበቀን ነው አልኋቸው።

“ይጠብቃ” አሉኝ፣ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አመቻችተው፣ “እኔ ከክረምት ጀምሬ ጠብቄ የለም?”