በአንድ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ አንሶላ

እጆቿ አያርፉም። የቆሸሸውን አንሶላ ከጋሪው ላይ ታነሳና ጓንት ባጠለቁ ጣቶቿ ዳር ዳሩን ትዳብሳለች፤ በሽተኛ የረሳው ማንኪያ ወይም መነጽር እንዳይኖርበት። ከዚያ ጠቅልላ ወደ ማሽኑ ሆድ ትሰደዋለች። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ «እትዬ አንሶላ» ይላታል፤ አትቀየምም።

ማሽኖቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ግድግዳ መሃል የተሰኩ፣ ከፊትም ከኋላም በር ያላቸው። ከግድግዳው ወዲህ የቆሻሻው ክፍል፣ ከወዲያ የንጹሁ ክፍል ነው፤ ሁለቱ በግድግዳው መስታወት ይተያያሉ። የቆሸሸው በዚህ ይገባል፣ የታጠበው በዚያ ይወጣል። በገባበት በር አንዲት ፎጣ እንኳ ማውጣት ክልክል ነው። ወደ ንጹሁ ክፍል የሚሻገር ሰውም ሽርጡን አውልቆ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሽርጥ አስሮ፣ በኮሪደሩ ዞሮ ነው የሚገባው። እሷ ይህን ሕግ አንድ ቀን ረስታ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰበሰበና አዲስ ማሽን ሊመጣ መሆኑን ነገራቸው። የምታሠለጥነው ከውጭ የምትመጣ መሐንዲስ ናት። ሥራውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት የቻለ ይሠለጥናል፤ ያልቻለ ወደ ወለል ጽዳት ይዛወራል።

እትዬ አንሶላ ዝውውሩን አልወደደችውም። ወለል ማጽዳት ነውር ሆኖባት አይደለም። ነገር ግን ማሽን ሲያጉረመርም ከድምፁ ብቻ ምን እንዳመመው የምታውቅ ሴት፣ እንዴት ብላ መጥረጊያ ይዛ በበሩ ታልፋለች?

ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛዋ ሳቀችባት። «አንቺ ፊደል የቆጠርሽው ልጅ ከዳርሽ በኋላ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ የልጅ ልጅ ስትድሪ ትጨርሺዋለሽ!»

«እስከዚያ አንቺም ያንን ኮሌታ ተኩሰሽ ትጨርሺው ይሆናል» አለቻት።

መምህር የሆነችላት ምራቷ ናት። ጠዋት ጠዋት፣ ሁለቱም ለሥራ ከመውጣታቸው በፊት፣ ሻይ ይዘው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ።

«እማዬ፣ እነዚህ ቃላት ጥንድ ጥንድ ናቸው። ኢንቱ ያስገባል፣ አውት ኦፍ ያስወጣል። ኦንቱ ይጭናል፣ ኦፍ ያወርዳል።»

«እኛ ገባ ካልን ገባ፣ ወጣ ካልን ወጣ ነው። እነሱ ምን ቸግሯቸው ነው?»

«እነሱ ብዙ ጊዜ ሄደ ወይም መጣ ብለው ይጀምራሉ። ወዴት እንደሆነ የሚነግርሽ ተከትሎ የሚመጣው ትንሽ ቃል ነው።»

ምራቷ መጽሐፍ ቦርሳ ውስጥ እየከተተች፣ መልሳ እያወጣች አሳየቻት። እትዬ አንሶላ ግን ሲገባ አውት ኦፍ፣ ሲወጣ ኢንቱ እያለች አስቸገረቻት።

«የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የቦርሳሽ ነው» አለች በመጨረሻ። «በገባበት አፍ የሚወጣ ነገር እኔ አልለመድኩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱን ሥራ ቦታ ወሰደችው። ጠዋት በቆሻሻው ክፍል አንሶላ በሰደደች ቁጥር «ኢንቱ» ትላለች። ከሰዓት ተራዋ በንጹሁ ክፍል ሲሆን፣ ትኩሱን አንሶላ እየጎተተች «አውት ኦፍ»። እያንዳንዱ ቃል የራሱን ክፍል ያዘና ኑሮው ሰመረለት።

የፈተናው ቀን መሐንዲሷ ከኃላፊው ቢሮ ተቀምጣ ጠበቀቻት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴት ናት። «ሥራሽን ንገሪኝ» ስትላት ግን የእትዬ አንሶላ ምላሷ ተሳሰረ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«አለቃ» አለች ብድግ ብላ፣ «ቁጭ ብዬ አይመጣልኝም። ማሽኑ ጋ እንሂድ በላት።»

ሄዱ። እዚያ አንሶላውን ከጋሪው አንስታ ወደ ማሽኑ ስትሰድ አፏ ተፈታ። «አይ ቴክ ዘ ሺትስ ኦፍ ዘ ካርት። አይ ፑት ዘ ሺትስ ኢንቱ ዘ ማሽን።»

መሐንዲሷ ራሷን ነቀነቀች። «ከዚያስ?»

እትዬ አንሶላ ሽርጧን ፈታች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።

«ኧረ ጥላን ሄደች!» ኃላፊው ደነገጠ። «እትዬ! የት ነው? ማንም ክፉ አልተናገረሽም!»

ሰምታዋለች። ግን ብትመልስለት አፏ ውስጥ የያዘችው ዓረፍተ ነገር ሊፈስባት ነው። ውሃው ስር እጇን እስከ ክርኗ አሸች። ንጹሕ ሽርጥ አሰረች። በኮሪደሩ ዞራ ንጹሁ ክፍል ስትገባ ጓደኛዋ ካውያዋን እንደያዘች ቀረች።

«ምን ሆንሽ? ጣሉሽ እንዴ?»

በእጇ ዝም አሰኘቻት። ሁለተኛው ማሽን አጥቦ ጨርሶ ነበር። በሩን ከፈተች፤ እንፋሎቱ ፊቷን መታው። አንሶላውን ጎትታ ጠረጴዛው ላይ ጫነችና ወደ ግድግዳው መስታወት ቀርባ አንኳኳች። ኃላፊውና መሐንዲሷ ዞር አሉ።

«አይ ቴክ ዘ ሺትስ አውት ኦፍ ዘ ማሽን!» ጮኸች። «አይ ፑት ዘም ኦንቱ ዘ ቴብል!»

መሐንዲሷ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኃላፊው ሊያመጣት በሩጫ ሲነሳ መሐንዲሷ እጅጌውን ጎተተችና የመታጠቢያውን ቧንቧ አሳየችው። አለቃ በአገልግሎት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ።

መሐንዲሷ የሴትዮዋን ስም ስትጠይቀው በልማዱ «እትዬ አንሶላ» አላት። የሠልጣኞቹ ዝርዝር ራስ ላይ ዛሬም በባዕድ ፊደል የተጻፈው ይኸው ነው።

ሥልጠናው ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አሁንም አልፎ አልፎ ኦንቱና ኢንቱ ይምታቱባታል፤ ታርማ ትቀጥላለች። ይህ ሊጻፍ መሆኑን ስትሰማ አንድ ነገር አደራ አለች፤ ለእናንተ ነው። ሰው መፈተን ሥራችሁ ከሆነ፣ ወይም አንድ ቀን ከሆነ፣ ፊታችሁ ተቀምጣ ዝም ያለች ሴት ስታዩ ወረቀታችሁን አትዝጉ። «እስቲ ተነሺና አሳዪኝ» በሏት። ከክፍሉ ብትወጣም አትጥሯት፤ ትንሽ ጠብቋት።